ስማችን በሰው ስም

ደብዳቤው የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ሱቅ ያለው አንድ ደንበኛችን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሁለት ገጽ ነው፤ ከጠበቃ የተጻፈ። ከሥሩ ራሱ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «እህቴ፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው? ባለቤቶቹ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ያን ዕለት እዚሁ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ካለው መጋዘናችን ነበርኩ። ከፊቴ አርባ ካርቶን ሽሮና በርበሬ ተደርድሯል። በሳምንቱ በካርጎ ሊሄድ የተዘጋጀ የዚሁ ደንበኛ ዕቃ ነው። ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ በዚህ ስምና በዚህ ምስል የሚሸጥ ቅመምና ዱቄት አሜሪካ ውስጥ የእገሌ ነው። በሕግ ተመዝግቧል። ከሌላ ሰው አምጥተህ ብትሸጥ እንከስሃለን።

ስሙ የአያቴ ስም ነው። ምስሉም የአያቴ ፊት ነው። እገሌ የተባለው ደግሞ የሥጋ ዘመዳችን ነው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ነገሩ ገና አልተቋጨም፣ ሰውየውንም ማዋረድ አልፈልግም። የምጽፈው እዚህ ከተማ ውስጥ እንደኛ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። በርበሬ ለሚያስፈጩ፣ ጥበብ ለሚሸምኑ፣ ማር ለሚያሽጉ፣ ነገ «ወደ ውጭ ላኪልን» ለሚባሉ።

እናቴ ሥራውን የጀመረችው በ1994 ዓ.ም. በጓሯችን ነው። በርበሬው ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ይመጣል፣ ሽምብራው ከደምቢያ። እሷ ትቀነጥሳለች፣ ታሰጣለች፣ ትቀምማለች። አያቴ ያኔ በሕይወት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል። ቅመሙ በቃ አልበቃ የሚለውን ግን በማሽተት የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ከወፍጮ የመጣውን ትኩስ ዱቄት በመዳፋቸው ይዘው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። ዝም ይላሉ። ከዚያ «ኮረሪማው አንሶታል» ይላሉ፤ ይጨመራል። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሁሉ «የእሳቸውን ስጡኝ» እያለ በቁልምጫ ስማቸው እየጠራ መምጣት ጀመረ። ስሙን ያወጣው ገዢው ነው እንጂ እኛ አይደለንም።

ኋላ ልጣፍ ስናሠራ የሰፈራችን ሠዓሊ ከፎቶ አይቶ ፊታቸውን ሳለልን። ሻሽ አስረዋል፣ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። ሠዓሊው ጠንቃቃ ሰው ነበርና ግራ ጉንጫቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ሳይቀር አስገባት። ልጅ ሆነው እንጨት ሲለቅሙ የወጋቸው ነው። ይቺን ጠባሳ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ዘመዳችን ከአሜሪካ ደወለ። «ላኩልኝና ልሽጥላችሁ» አለ። ደስ አለን። ውል አልተጻፈም። በዘመድ መካከል ውል መጻፍ እኛ ዘንድ አለማመን ይመስላል፣ ነውር ነው። እሱም በእውነት ሠራ። በራሱ መኪና ከሱቅ ሱቅ እየዞረ፣ ቅምሻ እየሰጠ፣ ሦስት ዓመት ለፋ። ይኼን አልክድም። ከዚያ በ2013 ስማችንን በራሱ ስም እንዲመዘገብለት አመለከተ፣ በ2014 ጸደቀለት። እኛ ያወቅነው በ2016፣ ያ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ሌላ ሱቅ በቀጥታ ከእኛ ሊገዛ ባይሞክር ኖሮ እስከ ዛሬም ላናውቅ እንችል ነበር።

ለእናቴ ስነግራት ሰፌዱን አስቀመጠችና «ስምም ይሰረቃል እንዴ ልጄ?» አለች።

ስርቆት የሚለው ቃል ልክ ይሁን አይሁን ለማወቅ ብዙ ማንበብ፣ ብዙ መጠየቅ ነበረብኝ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ይኼ ነው፦ የንግድ ምልክት መብት ድንበር አይሻገርም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያስመዘገብሽው የሚጠብቅሽ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። አሜሪካ ስትሄጂ እንደ አዲስ፣ እስራኤል ስትሄጂ እንደ አዲስ ነው። ቪዛው ላንድ አገር ብቻ እንደሚያገለግል ሁሉ።

ደግሞ እኛ ኢትዮጵያም ውስጥ አላስመዘገብንም ነበር። ይኼ በጣም አሳመመኝ። ንግድ ፈቃድ አለን። ግብር እንከፍላለን። ንግድ መምሪያ የሰጠንን ወረቀት እናቴ በመስታወት አሠርታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ለካ እሱ የንግድ ስም ነው። የንግድ ምልክት ሌላ ነው፣ መሥሪያ ቤቱም ሌላ ነው። የንግድ ስም ድርጅትሽ በመዝገብ የሚታወቅበት ነው። የንግድ ምልክት ግን ዕቃሽ ላይ የተለጠፈው፣ ገዢው ከሌላው ዕቃ የሚለይበት ስም ወይም ሥዕል ነው። እሱን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ አዋጁም ቁጥር 501/1998 ነው። አዋጁ ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ምዝገባው ካመለከትሽበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ከማውቃቸው ነጋዴዎች አብዛኞቹ ይኼን ልዩነት አያውቁም። ግድግዳቸው ላይ ያለውን ወረቀት እያሳዩ «አለኝ እኮ» ይሉኛል።

በውጭ በኩል ደግሞ አገሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ቻይናን የመሰሉት ቀድሞ ላመለከተ ይሰጣሉ። ዕቃውን ማን ሠራው፣ ስሙን ማን አወጣው የሚለው ጥያቄ ኋላ በክርክር ካልመጣ በቀር መጀመሪያ አይጠየቅም። አፕል የሚያህል ኩባንያ እንኳ አይፓድ የሚለውን ስም ቻይና ውስጥ ለመጠቀም ስሙ ተመዝግቦለት ለነበረ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 60 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። አሜሪካ ግን ስሙን ቀድሞ ገበያ ላይ ለተጠቀመበት ሰው የበለጠ ቦታ ትሰጣለች። ለእኛ በር የከፈተልን ይኼ ነው። እዚያ አገር ሕግ አከፋፋይ ዕቃ ስላመላለሰ ብቻ የአምራቹ ስም ባለቤት አይሆንም። ስሙ በውል ካልተላለፈለት በቀር የአምራቹ እንደሆነ ይገመታል። ባለቤት ያልሆነ ሰው ያስመዘገበውም ሊሰረዝ ይችላል። ግን ጊዜ አለው። ከተመዘገበ 5 ዓመት ካለፈ በኋላ ለመሰረዝ የሚቀርቡት ምክንያቶች በጣም ይጠባሉ። ዘመዳችን ያስመዘገበው በ2014 ነው። ቁጠሩት። ለጥቂት ነው የደረስነው።

እናቴ ይኼን ስነግራት «ሳይቃጠል በቅጠል ይባል ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ አልወቀሰችኝም።

ይኼ ነገር በአገር ደረጃም ደርሶብናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ሲዳሞ ላይ ግን ቀድሞ የቆመ ነበር። ስታርባክስ የሚባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበትን አንድ የቡና ስም ለራሱ ጠይቋል። የአሜሪካ የቡና ማኅበርም ተቃውሞ አቀረበ። ስታርባክስ በበኩሉ ኢትዮጵያን «የንግድ ምልክቱ ይቅርባችሁ፣ የቦታ ማረጋገጫ ምልክት ይሻላችኋል» ይላት ነበር። ማረጋገጫ ምልክት ማለት እያንዳንዱ ጆንያ ከዚያ ቦታ መምጣቱን መቆጣጠር ማለት ነው። ቡናው ደግሞ ከየደጁ፣ ከሚሊዮን ገበሬ ጓሮ የሚለቀም ነው። በየት በኩል ይቻላል? ኢትዮጵያ አልተቀበለችም። ኦክስፋም የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ዘመቻ አደረገ፣ ብዙ ሕዝብ ጮኸ፣ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለቱ ተስማሙ።

ከዚህ ታሪክ ውስጤ የቀረው የኢትዮጵያ ጥያቄ ነው። ስሙን ለሚጠቀሙ ኩባንያዎች ፈቃዱን ያቀረበችው በነጻ ነው። ለስሙ ክፍያ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ስሙ የእኛ መሆኑን ፈርማችሁ ተቀበሉ ነው። እናቴ ይኼን ታሪክ ሳታውቅ ለዘመዳችን የላከችለት መልእክት ቃል በቃል ይኼው ነበር፦ «ሽጥ፣ ብላ፣ ልጆችህን አሳድግበት። ስሙን ብቻ በስማችን መልስልን።»

ጤፍን የሚያነሱብኝ ሰዎችም አሉ፤ «ያ የሆላንዱ ኩባንያስ?» ይላሉ። እሱ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የያዘው ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ነው፤ ስለ ስም አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ሔግ ያለው ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ብሎታል። ከእኛ ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው የደቡብ አፍሪካው ሩይቦስ ነው። ሩይቦስ የቅጠሉ፣ የሻዩ መጠሪያ ነው፤ እኛ ጤና አዳም እንደምንለው። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ እንደ ግል ምልክት ተመዘገበ። ደቡብ አፍሪካውያን ስሙን ነጻ ለማውጣት እስከ 2005 ድረስ ታግለዋል። የአንድ ሻይ ስም ለማስመለስ አሥር ዓመት!

አሁን ስለ ፊደል ልናገር። ይኼን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ልጣፋችን በአማርኛ ብቻ ነበር። ዘመዳችን ያስመዘገበው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የእኛ ስም ውስጥ «ጨ» አለ፣ «ቀ»ም አለ። «ቀ»ን አንዱ በኬ ይጽፋታል፣ ሌላው በኪው። «ጨ»ን አንዱ በሲ ኤች፣ ሌላው በቲ ኤች ሁሉ ሲጽፋት አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ ስም አራት መልክ አለው። አንቺ አንዱን መርጠሽ ካልያዝሽ ሌላው ሰው ይመርጥልሻል። ዛሬ የምመክረው ስሙን በፊደላችንም፣ በእንግሊዝኛም፣ ሥዕሉንም ለየብቻ ማስመዝገብ ነው። እስራኤል የሚልክ ዕብራይስጡን ያስብ። ከመተማ ተሻግሮ ገላባት የሚሸጥም ውጭ አገር ገብቷልና ዓረብኛውን ያስብ። አሜሪካ ስታመለክቺ በላቲን ላልተጻፈ ቃል አነባበቡንና ትርጉሙን ትጠየቂያለሽ። ትርጉሙ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የምርቱ መጠሪያ የሆነ ቃል ለአንድ ሰው አይሰጥም፣ በባዕድ ቋንቋ ቢጻፍም። ሽሮን «ሽሮ» ብለሽ፣ በርበሬን «በርበሬ» ብለሽ የራስሽ ልታደርጊው አትችዪም። መሆንም የለበትም።

«ጎንደር»ም እንደዚያው ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ግማሹ ሰው ድርጅቱን ጎንደር፣ ፋሲል ወይም ዳሸን ብሎ ነው የሚሰይመው። ልብ ደስ ይለዋል፣ ይገባኛል። ግን የቦታ ስም ደካማ ምልክት ነው፣ ብዙ አገር ብቻውን አይመዘግብልሽም። ሰሊጣችን በዓለም ገበያ ላይ «የሁመራ» እና «የጎንደር» ዓይነት እየተባለ ሲጠራ ኖሯል። ይኼን ስም ቆላ ወርዶ የሚያርስ ሁሉ ነው ያመጣው፣ ያንድ ነጋዴ ሊሆን አይገባም። ማኅበር ሆኖ የወል ምልክት ማስመዝገብ የሚባል መንገድ አለ። ይኼን አንድ ቀን የከተማችን ነጋዴዎች ተሰብስበው ቢያወሩበት በጣም ደስ ይለኛል። ለጊዜው ግን ለራስሽ ዕቃ ሌላ ማንም የሌለውን ስም ምረጪ። የአያትሽን ቁልምጫ፣ የፈጠርሽውን ቃል።

ከሁሉ በላይ ያመመኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። ደብዳቤው ከመጣ ከወር በኋላ ያ ባለሱቅ በዘመዳችን በኩል የሚሸጠውን አንድ እሽግ በሰው እጅ ላከልን። እናቴ ቀደደችው፣ በመዳፏ አደረገችና ልክ እንደ አያቴ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ይኼ የእኛ አይደለም» አለች። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነው፣ ሽታ የለውም። ከሌላ አገር የመጣ ርካሽ በርበሬ ከእኛው ጋር ተደባልቋል። እሽጉ ላይ ደግሞ አያቴ አሉ፤ በሻሻቸው፣ በማተባቸው። በኋላ አንዲት ሴት ፌስቡክ ላይ «ድሮ ቀረ የእሳቸው በርበሬ፣ እነሱም ሌባ ሆኑ» ብላ ጽፋ አገኘሁ። እናቴ እንዳታየው ስልኳን ደብቄባታለሁ።

ሕጉም ለካ ይኼን ያስባል። ስምሽን ለሰው ስትፈቅጂ ጥራቱን መቆጣጠር አለብሽ። ዝም ብለሽ ከለቀቅሽው አሜሪካ ውስጥ መብትሽ ራሱ ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ ውሉ ላይ መግባት ያለበት «ስሙ የእኛ ነው» የሚለው ብቻ አይደለም። ምን እንደሚታሸግ፣ ማን እንደሚፈትሽ፣ ስትለያዩ ልጣፉን መጠቀም እንደሚያቆም፣ በራሱ ስም ያስመዘገበው ነገር ካለም ወደ አንቺ እንደሚዞር ይጻፍ። ዘመድ ነው ብለሽ አትተዪው። ውል ተጽፎ ቢሆን ዛሬም ፋሲካን በስልክ እንመራረቅ ነበር።

ዘመዳችንን ደውዬ ጠይቄዋለሁ። «እኔ ባላስመዘግበው ሌላ ይወስደው ነበር» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላ ሊወስደው ይችል ነበር። ግን በእኛ ስም ሊያስመዘግብልን ይችል ነበር፣ አንድ ስልክ መደወል ነበር የሚበቃው።

ለክርክሩ ማስረጃ ስንፈልግ የእናቴን ሣጥን ገለበጥነው። የዱቤ ደብተሯ ወጣ። ከ1994 ጀምሮ «ለአሜሪካ ሂያጅ፣ ሽሮ 5 ኪሎ» እያለች በእጇ ጽፋለች። የካርጎ ወረቀቶች፣ ደረሰኞች፣ የቫይበር መልእክቶች። ዘመዳችን በ2011 «የእናንተን ስም ሰው ወዶታል» ብሎ የጻፈው አለ። ጠበቃችን ከሁሉ የወደደው ግን አሮጌውን ልጣፍ ነው። እዚያ የተመዘገበው ሥዕል ላይ ግራ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለ። ሠዓሊያችን ከአያቴ ፊት ያነሳት ያቺው ጠባሳ ናት። ዘመዳችን ሥዕሉን ቀድቶ ሲያስመዘግብ አላያትም፣ አብራ ሄደች። ሠዓሊውን ፈልገን አገኘነው፤ አርጅቷል። በሥዕሉ ላይ ያለውን መብት ለእናቴ ማስተላለፉን በጽሑፍ ፈረመልን። ይኼንንም ልብ በሉ፤ ሥዕልም ሆነ ሎጎ ያሠራችሁት ሰው በወረቀት ያስረክባችሁ።

ወጪው ቀላል አይደለም። ግን መጀመሪያ ብናስመዘግብ ኖሮ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የማመልከቻ ክፍያ ለአንድ የዕቃ ምድብ ከ350 ዶላር ይጀምራል። ከውጭ የሚያመለክት ሰው እዚያ አገር ፈቃድ ያለው ጠበቃ መያዝ ግዴታው ነው፣ ጠበቃውም ይከፈለዋል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ማመልከቻ 27 አገር ይሸፍናል፣ ለአንድ ምድብ 850 ዩሮ ነው። ምድብ የምለው በዓለም ላይ ዕቃና አገልግሎት የሚከፋፈልባቸውን 45 ክፍሎች ነው። ቅመም፣ ዱቄት፣ ቡናና ማር 30ኛው ውስጥ ናቸው፣ ልብስ 25ኛው ውስጥ ነው። ቡና እሸጣለሁ ብለሽ አስመዝግበሽ ኋላ ጥበብ ብትልኪ ጥበቡ አልተሸፈነም። ከማመልከትሽ በፊት ደግሞ ስሙ ተይዞ እንደሆነ ፈልጊ። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ነጻ መፈለጊያ አለው፣ ስልክ ላይ ይሠራል። እኔ ያን ቀን የስማችንን አራቱንም አጻጻፍ ስፈልግ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በ2011 ያን አምስት ደቂቃ አላጠፋሁም።

የስረዛ ማመልከቻችን ገብቷል። እየጠበቅን ነው። አገር ቤት ያለውንም አስመዘገብን። እናቴ አዲሱን የምስክር ወረቀት ከአሮጌው አጠገብ ሰቅላዋለች።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ከእስራኤል መጣ። ልጅ ሆኖ ከደምቢያ የሄደ ነው፣ ነታንያ ሱቅ ከፍቷል። ሽሯችንን ቀምሶ ሠላሳ ካርቶን አዘዘ፣ ግማሹን ገንዘብ እዚያው ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እናቴ ገንዘቡን መልሳ በሁለት እጇ አስያዘችው። «ልጄ፣ እዚያ አገር ስማችን ገና አልገባም። ማመልከቻው ይግባና ቁጥሩ ይምጣልን፣ ከዚያ እንልክልሃለን» አለችው። ቅር አለው። «እኔን አታምኑኝም?» አለ። እናቴ መልስ ሳትሰጥ ቡና እንዲቀርብለት አዘዘች። ቡናውን ጠጥቶ፣ ስልክ ቁጥሩን ትቶ ሄደ። ሠላሳው ካርቶን በሩ አጠገብ ታስሮ ተቀምጧል።